ቤዙን ማን በላው?

«የድሮ ዘፈን ቤዝ የለውም» የሚሉ ልጆች በዝተዋል። እዚህ ሊሙ ገነት ሻይ ቤት ውስጥ እሰማዋለሁ፣ ቴሌግራም ላይም አነበዋለሁ። ነበረውኮ! የበላው ሸክላውን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ነው።

ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ አለዚያ ሰፊው የቤዝ ንዝረት ጎረቤቱን ቦይ ይጥሰዋል። ሲጫወት ያንን መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ከማግኔት ካርትሪጅ የሚወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ይህን በቀጥታ ላፕቶፕ ማይክ ላይ ሰክታችሁ ድምፁን ብታጎሉት ጩኸት ታገኛላችሁ እንጂ ቤዝ አታገኙም። የድሮዋ ባለሻንጣ ማጫወቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው ያላት፤ እሷ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሚሸከም መግቢያ ትፈልጋለች። ማይክ ላይ ስትሰካ ቤዟ ይሟሟል።

«ውድ ዕቃ የለንማ!» ይሉኛል። ማን ውድ አለ? ባለ ገንዘቡም እኮ 1 ሚሊቮልት የማይሞላ ሙቪንግ ኮይል ገዝቶ ለማግኔት በተሠራ ፕሪአምፕ ያጎላዋል፣ ከዚያ የሹሹታ መዓት ይለጥፍልናል። ዋጋው ሳይሆን ዕቃዎቹ መናበባቸው ነው ቁም ነገሩ። ሞኖ ሸክላን ሁለቱን ቻናል ደምሮ አንድ ማድረግ ስንት ብር ያስወጣል? ምንም። ከቻናሎቹ ልዩነት የሚመጣው ጭርጭርታ ግን ይጠፋል።

በገንዳ ከልኩ በላይ የቦካ ቡናን «ቆልቼ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሰው እኛ ሰፈር ይሳቅበታል። «በኋላ በኢኳላይዘር አስተካክለዋለሁ» ለሚለው ግን እናጨበጭባለን። ጣሪያ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ጫጫታ ውስጥ የሰጠመ ቤዝ ደግሞ ስትጎትቱት የኮረንቲውን ጉምጉምታ ይዞ ነው የሚወጣው። ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዲሲቤል ዝቅ ይበል፣ በ24 ቢት ይቀረጽ፣ በቃ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጀመረ በኋላ እሱና ካይፋ ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ካሴት ተካቸው። የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ከ1997 ጀምሮ ከፊሉን አትርፏል፤ የቀረው በየሰው ቤት ነው። ከባድ መርፌ በተጫወተ ቁጥር ሸክላውን ይፍቀዋል። ስለዚህ ያ የተበላሸ ቅጂ ለአንዳንዱ ዘፈን የመጨረሻው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ያለ ቤዝ እንደሠራ የሚያምን ትውልድ እያፈራን ነው (ይሄን ሳስብ ያመኛል)።

ቀጣዩን «ብርቅዬ» ፋይል ከማጋራታችሁ በፊት ለጣፊውን በምን ካርትሪጅ፣ በምን ፕሪአምፕ እንደገለበጠው ጠይቁት። ካልመለሰ አታጋሩለት።