በሲኒማ የሚታየው ጦርነትና ወታደሩ ያየው ጦርነት

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ በእኅታችን ቤት ተሰብስበን ሳለን፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅዋ አንድ የጦርነት ፊልም ከፍቶ ሁላችንም እንድናይ ጋበዘን። ፊልሙ አሜሪካዊው ስቲቨን ስፒልበርግ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው፣ ራያን የሚባለውን ወታደር ፈልገው ለማዳን የተላኩትን ሰዎች ታሪክ የሚናገረው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) መጀመሪያው ክፍል በ1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደሮች በፈረንሳይ አገር፣ በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ከጀልባ ሲወርዱ በመትረየስና በመድፍ እንዴት እንዳለቁ ያሳያል።

ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል እያየ «ጦርነት ማለት ልክ ይህ ነው!» ይል ነበር። አባቱ ግን ጥቂት ካዩ በኋላ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። እርሳቸው ይኸው ፊልም በወጣበት ዓመት ተጀምሮ እስከ 2000 ዓ.ም. በቈየው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት የተሰለፉ ሰው ናቸው። ቡናው ሲቀርብ ተመልሰው ገቡና «ልጄ፤ በዚህ ውስጥ የውኃ ጥም የለም» አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ ከፈተናው በኋላ ወታደር ቤት እገባለሁ ማለቱን እኅታችን ቀደም ብላ በጆሯችን ነግራን ስለ ነበረ፣ ነገሩ የእሑድ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ተረዳነው። እነሆ ይህን ዓምድ ለዚሁ ነገር ሰጠነው።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። የምስክር ቃል ስንጽፍ ሃያ ዓመት ያህል ሁኖናል። በዚህም ዘመን ያስተዋልነው ነገር ቢኖር፣ በአደጋ መካከል የነበረ ሰው ነገሩን ሁሉ በተራ የማይናገር መሆኑ ነው። ጩኸቱን ሰምቷል፣ የመታውን ግን አላየም፤ የሸሚዙን ቀለም ያስታውሳል፣ ሰዓቱን ግን አያውቅም። አንዳች ሳያጎድል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክ ምስክር የመጣ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ቀና ብለው «አንተ የት ቆመህ ነበር?» ይሉታል።

ይህን ጥያቄ ለሲኒማው ብናቀርብለት መልሱ ያስቸግረዋል። የፎቶግራፉ መኪና አንድ ጊዜ ከተኳሹ ትከሻ በላይ፣ አንድ ጊዜ በጠላት ምሽግ ውስጥ፣ አንድ ጊዜም በሰማይ ላይ ይቆማል። ወታደሩ ግን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የሚያየውም የፊቱን አፈርና የጎረቤቱን ጫማ ነው። ድል አድርጎ እንደ ሆነ እንኳ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። በፊልሙ ወታደሮቹ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ይህም በአንድ ሥዕል ውስጥ እንዲገቡ ነው። በእውነተኛው የጦር ሜዳ ግን አንድ የመድፍ ጥይት ሁሉን እንዳይጨርስ ተራርቀው ይሄዳሉ። በፊልሙ አለቃው በተኩስ መካከል ንግግር ያደርጋል፣ ወታደሩም ይሰማዋል፤ በእውነቱ ግን ጆሮ ይደነቍራል፣ አንዳንዱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንደ ደነቈረ ይቀራል። የእጅ ቦምብ በሲኒማ እንደ ደመራ ይነዳል፤ እውነተኛው ግን ብዙውን ጊዜ አቧራና ጢስ ነው፣ የሚገድለውም የማይታየው ፍንጣሪ ነው። በሲኒማ ሰው የሚሞተው ከሁሉ ይልቅ በጠመንጃ ነው፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ግን አብዛኛውን ወታደር የጎዳው ተኳሹ በዓይን የማይታየው መድፍና ሞርታር ነበረ። የሚበቀሉት ጠላት በፊት ለፊት ካልታየ ታሪኩ ስለማይጥም ይመስለናል ባለሲኒማዎች መድፉን የሚያሳንሱት።

ስፒልበርግን ግን ያለ ዋጋ አንሰደውም። ተዋናዮቹን የቀድሞ የባሕር ወለድ መኰንን አሠልጥኗቸዋል፤ የባሕሩን ዳርቻ ውጊያ በአየርላንድ አገር ሲያነሣ እጅና እግር የሌላቸውን ሰዎች ጭምር አሰልፏል። በዚያ ዳርቻ የነበሩ ሽማግሌዎች ፊልሙን አይተው እውነት መሆኑን መስክረዋል፤ የቈየው ሕመም የተቀሰቀሰባቸውም ስለ ነበሩ የአሜሪካ መንግሥት የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት የሚያነጋግራቸው ሰው በስልክ እንዲያገኙ አደረገ። ስለዚህ የእኅታችን ልጅ ፈጽሞ ተሳስቷል አንልም። ነገር ግን የዚያ ክፍል ርዝመት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የወታደር ኑሮ ደግሞ የሚበዛው መቆፈር፣ መሸከምና መጠበቅ ነው። መጠበቅን በሲኒማ ቤት ለማሳየት ማን ይደፍራል? ተመልካቹ ገንዘቡን ይመልሱልኝ ይላልና።

የዚህ ነገር መነሻው ሩቅ ነው። በ1916 ዓ.ም. እንግሊዞች በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ ሲዋጉ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ57,000 በላይ ሰው ሞተባቸውና ቈሰለባቸው፤ ከእነዚህም የሞቱት 19,000 ያህል ነበሩ። ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ያነሡት ፊልም ውጊያው ገና ሳያልቅ በለንደን ታየ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥም 20 ሚሊዮን ያህል ትኬት እንደ ተሸጠ ይነገራል። ተመልካቹን ከሁሉ አብልጦ ያስደነገጠው ወታደሮች ከምሽግ ሲወጡ ሁለቱ ተመትተው ሲወድቁ የሚያሳየው ነው። ይህ ግን ከግንባሩ ኋላ በመለማመጃ ስፍራ የተሠራ ጨዋታ ነበረ፤ መኪናው ከባድና በእጅ የሚዞር ስለ ነበረ ከጥይት ፊት ማቆም አይቻልም ነበር። ቁስለኛ በጀርባ ተሸክሞ በምሽጉ ውስጥ የሚያልፈው ሰው ግን እውነተኛ ነው። ሐሰተኛው ምስክር ከእውነተኛው ይልቅ የተደነቀበት ጊዜ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በችሎትም አይተነዋል።

ለእኛ አገር የሚቀርበው ግን የኮሪያው ነገር ነው። ሉዊስ ማይልስቶን በ1930 ዓ.ም. የጀርመናዊውን የሬማርክን መጽሐፍ ወደ ሲኒማ አምጥቶ የምዕራቡን ግንባር ወታደር ያለ ክብር ሲሞት ስላሳየ፣ ናዚዎች በበርሊን ሲኒማ ቤት ነጫጭ አይጦች ለቀው ረበሹ፣ ጥቂት ቀንም ሳይቈይ ፊልሙ በጀርመን ተከለከለ። ይኸው ሰው በ1959 ዓ.ም. በኮሪያ ፖርክ ቾፕ ስለ ተባለው ኮረብታ ሌላ ፊልም ሠራ። በ1953 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የተዋጋው የሻምበሉ አዛዥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት መቶ አለቃ ሲሆን፣ እርሱን ሁኖ የተጫወተው ከአርባ ዓመት ያለፈው ግሪጎሪ ፔክ ነው። ወጣቱ ልጅ በሲኒማ ሽማግሌ ይሆናል፤ የጦርነትን ከባዱን ነገር፣ ይኸውም የሚዋጉት ልጆች መሆናቸውን፣ ፊልሙ በዚህ ይሰውርብናል። ደግሞም ታሪኩ ኮረብታው ሳይለቀቅ ሲቀር ያበቃል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ትተውት ወረዱ፣ የተኩሱም ማቆም ውል በሐምሌ ተፈረመ።

ከዚሁ ጋራ የኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያው ኮረብታ አካባቢ ይዋጉ ነበር። ፊልሙ የተቀዳበትን መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊ ማርሻል ስለ እነርሱ በአድናቆት ጽፏል፤ ነገር ግን ያ ክፍል ወደ ሲኒማው አልገባም። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በኮሪያ ወድቀዋል፤ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ግን አንዱም በዚያ እንዳልነበረ ያስባል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች አገራችንን ሲወጉ ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው የፊልም ድርጅት ሰዎች ከጦሩ ጋራ መጥተው ነበር። ያነሡት አውሮፕላንና የተሠራ መንገድ፣ የሚሰለፍም ወታደር ነው። በአባቶቻችን ላይ የፈሰሰው የመርዝ ጋዝ ግን በፊልማቸው አልታየም፤ የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴርም ይህን በይፋ ያመነው በ1996 ዓ.ም. ነው። የታየው ሥዕል እውነተኛ ሲሆን፣ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነበረ።

ትናንት ማታ የእኅታችን ልጅ ወደ ቤታችን መጣ። አባቱን ስለ ውኃው ጠይቋቸው ኖሮ፣ በዚያ ምሽግ ሳሉ የውኃው መኪና ሁለት ቀን እንደ ቀረ፣ በኮዳ ክዳን እየለኩ እንደ ተካፈሉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ ድርሻውን ሳይጠጣ ለሌላው ያስተላልፍ እንደ ነበረ ነገሩት። ስሙን ሊነግሩት ጀምረው ዝም አሉ።

«እንግዲህ ወታደርነቱን ተውኸው ወይ?» ብለን ጠየቅነው።

«ገና አልወሰንሁም፣ ጋሼ» አለን። «አባባ ቅዳሜ ስለ ምሽጉ እነግርሃለሁ ብለውኛል።»