ጆንያው ሳይፈታ የሚሸጠው ፊልም

ደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት እጁን ከጆንያው ይከታል። ከላይ ያለው ለዓይን ተብሎ የተቀመጠ ሊሆን ስለሚችል ከሥር ይዘግናል፤ በመዳፉ ዘርግቶ እፍ ይልና ገለባውንና አፈሩን ያያል። ባለጤፉ «ማኛ ነው» ቢልም የስሙ ዋጋ የሚጸናው እፍኙ ከመሰከረ በኋላ ነው። ይኸው ሰው ማታ ቤተሰቡን ይዞ ፊልም ሊያይ ቢወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አስቀድሞ ይከፍላል፤ ጆንያው የሚፈታው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ገለባ ሆኖ ቢያገኘው ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

የአማርኛን ፊልም ገበያ ሕመም ለመረዳት ከዚህ መነሣት ይሻላል። ለመሆኑ ተመልካቹን ደጋግሞ ያሳዘነው የትኛው የፊልም ዓይነት ነው? ጥያቄው ሲነሣ ብዙው ሰው ጣቱን የሚቀስረው «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» በሚባለው ላይ ነው። ፍርዱ መሠረተ ቢስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ተመልካች ከሳበ ወዲህ በፊልም ትርፍ እንደሚገኝ ታየ። ካሜራውም እየረከሰ ሄደ። የፍቅር ቀልድ ለመሥራት ደግሞ አንድ ሳሎን፣ አንድ ካፌና አንድ የተከራየ መኪና ይበቃል። ፈረስ አይቀለብም፣ የጥንት ልብስ አይሰፋም፣ ሠራዊት አይሰለፍም። መግቢያው ርካሽ በሆነ ንግድ ውስጥ ሁሉም ዘው ይላል። ደሀው ልጅ ሀብታም ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ ወይም ሀብታሟ ልጅ ደሀ መስላ ትቀርባለች፤ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ውሸቱ ይወጣል፣ ይለቀሳል፣ ይቅር ይባባላሉ። ሁለተኛውን ያየ አምስተኛውን እንዳየ ይቁጠረው።

ይሁን እንጂ ብዛትን ከክብደት ጋር ማምታታት አይገባም። የአንድ ፊልም ተስፋና ውጤት ተመዛዝኖ ኪሳራው ቢሰላ አንደኛ የሚወጣው «ልብ አንጠልጣይ» የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በፖስተሩ ላይ ሽጉጥ፣ ሩጫና ምስጢር ይሸጣል። እነዚህን ለማቅረብ ግን የድምፅ ባለሙያ፣ የአርትዖት ጥበብና የተለማመደ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁሉም ገንዘብ ናቸው። ተመልካቹም ልምድ የሌለው አይደለም። የክፍለ ሀገር ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች በአሜሪካና በሕንድ ፊልም ያሳደጉት ሰው ጡጫ ሲያርፍና ሳያርፍ ይለያል። የከሸፈ ቀልድ ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ ያስቃል። የከሸፈ ልብ አንጠልጣይ ግን ሰዉ ሊፈራ በሚገባው ቦታ ላይ አዳራሹን በሳቅ ይሞላዋል። ለፕሮዲዩሰር ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ጥፋቱ በዘውጉ ላይ ብቻ እንዳይደለ የሚያስረዳው ግን ከዚሁ ከጎጃም የወጣ ሥራ ነው። ከማርቆስ አጠገብ ከጎዛምን የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር ታሪክ ነው። መነሻው እንኳ ዛሬ በየፖስተሩ የሚታየው ነው፤ ደሀ ወንድና የትልቅ ሰው ልጅ። ልዩነቱ በመካከላቸው የቆመው እንቅፋት እውነተኛ መሆኑ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዐሥር ደቂቃ እንባ አይለዝቡም። ከበስተኋላቸው የዘር ኩራት፣ የባላገር ግብርና የገበሬ ዐመፅ አለ፤ ሁለቱም ወጣቶች ዋጋውን በሕይወታቸው ከፍለውበታል። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሥራ ፈትቶ አድምጦታል። የፍቅር ታሪክ ሰለቸን የሚለው ሕዝብ የሰለቸው እንግዲህ ፍቅሩን አይደለም፤ ዋጋ የማይከፈልበት ፍቅር ነው።

አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ መርምሮ አንድ ነገር አሳይቶ ነበር። ገዥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት ይከስራልና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በሲኒማ ቤት ደጃፍ የሚሆነው ይኸው አይደለምን? ድርሰቱን ሁለት ዓመት ያሸና በሁለት ሳምንት ያጋጨ ሰው ትኬታቸው አንድ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ይሞክራል፣ ሁለት ጊዜ ይሞክራል፣ ከዚያም ወደ ማስታወቂያ ሥራ ይገባል።

በሌላው ንግድ ለዚህ ችግር መላ ተበጅቶለታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናውን አስቀምሶ፣ ደረጃ አውጥቶ ለሽያጭ ያቀርባል። የእህል ደላላም ቢሆን ስሙን አስይዞ ነው የሚናገረው፤ ዛሬ ቢያታልል ነገ ማን ያናግረዋል? ቪዲዮ ቤት የነበረውም ሰው የሠፈሩ ነዋሪ ነበርና የማይረባ ካሴት ቢያሳይ በማግስቱ ቤቱ ባዶ ይውል ነበር። ከአዲስ አበባ ፊልሙን ይዞ መጥቶ ቅዳሜና እሑድን በአዳራሽ አሳይቶ ዓባይን የሚሻገር ፕሮዲዩሰር ግን ከማርቆስ ሕዝብ ጋር ሁለተኛ ቀጠሮ የለውም። የጉማ ሽልማት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለፊልሞች ማዕረግ መስጠቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሽልማቱ የሚመጣው ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን ሲጀምር የፊልም ሰዎች ጮኹ፤ ባህል ጠፋ፣ ሥራ ተዘጋ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ቱርኮቹም ያቀረቡት የፍቅር ታሪክ ነው! ብልጫቸው ተመልካቹ የመጀመሪያውን ክፍል በነፃ አይቶ፣ ካልጣመው ጣቢያ መቀየር መቻሉ ነው። እፍኝ ተፈቀደለት ማለት ነው።

አሁን ገበያው ወደ ዩቲዩብ ዞሯል። እዚያም መቅመስ ይቻላል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስጠላው ይዘጋዋል። መዘዙ ግን ሌላ ነው። ገቢው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ የዶላሩ የብር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የውጭ አገር ተመልካች ማስታወቂያ የተሻለ ስለሚከፍል ፕሮዲዩሰሩ የሚያስበው ለዋሽንግተን ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የገባበት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት የከረመው ጎጃሜ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትኬት የገዛበት ዘመን ቢያንስ ድምፅ ነበረው።

ለፊልም ገንዘብ አውጣ የሚባል የማርቆስም ሆነ የባሕር ዳር ባለሀብት «የትኛው ዓይነት ይሸጣል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ውሉን ቢመረምር ይበጀዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ገቢ የፖስተሩና የታዋቂው ተዋናይ ፊት ገቢ ነው። ፊልሙ ራሱ መሸጥ የሚጀምረው ያየው ሰው ላላየው ከነገረ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። የዳይሬክተሩና የደራሲው ድርሻ ከፊሉ በዚያ ጊዜ ገቢ ላይ እንዲታሰር ቢጠየቅ፣ በድርሰቱ የሚተማመነው ይፈርማል፤ በፖስተሩ የሚተማመነው ደግሞ ገንዘቡን በቅድሚያ ይጠይቃል።