ኮምፒውተሩ ከነባለሙያው ይቀመጥ

አምና ለፊቸር ጽሑፍ ኮርስ ርዕስ ፍለጋ ወደ ኮሌጃችን ንብረት ክፍል ወርጄ ነበር። ሊወገዱ ከተደረደሩት አሮጌ ወንበሮች መሀል ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው የክፍሉን ሠራተኛ። ሳቅ አሉና «ይሄማ ኮምፒውተር ነው» አሉኝ።

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዕቃው ድሮ የሂሳብ መምህራን ክፍል ውስጥ ሰቅለው ያስተምሩበት የነበረ ስላይድ ሩል ነው። እሳቸውም በወጣትነታቸው የመምህራኑ ረዳት ነበሩ። የተንሸራታቹን 1 ከታችኛው 2 ጋር አገጣጠሙት። ከተንሸራታቹ 3 ትይዩ፣ ከታች 6 ቁጭ ብሏል። 2 በ3 ሲባዛ ማለት ነው። ቁጥሮቹ የተደረደሩት በሎጋሪዝም ስለሆነ ርዝመት ሲደመር ቁጥሩ ይባዛል። አናሎግ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ቁጥርን በ0 እና በ1 ሳይሆን በርዝመት፣ በቮልቴጅ ወይም በውሃ መጠን መወከል።

በውሃ ስል አትሳቁብኝ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቢል ፊሊፕስ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ እንግሊዝ አገር ውስጥ ሞኒያክ በሚል ስም የሚታወቀውን ማሽን ሠራ። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። የሚዘዋወረው ባለቀለም ውሃ የአገር ገቢን ይወክላል፤ ከፊሉ ወደ ግብር፣ ከፊሉ ወደ ቁጠባ፣ ከፊሉ ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ በየቱቦው ይሄዳል። ግብር ቢጨምር ምን ይፈጠራል? መቆጣጠሪያውን ከፍቶ ማየት ነው! ከተሠሩት ጥቂት ማሽኖች አንዱ በለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ተጠግኖ እንደገና ውሃ እንዲፈስበት ተደርጓል።

እኔ የሚሠራውን እመርጣለሁ። የዛሬ ኮምፒውተር ቢሰበር ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጠን ሌላ ላይ እንጭነዋለን። የሞኒያክ ፕሮግራም ግን ቱቦው ራሱ ነው። ውሃው ከደረቀ የሚቀረን የቤት ዕቃ ነው።

«ማሽኑ በሠራ ቁጥር ያረጃል፤ ዕቃ በተቀየረለት ቁጥርም የመጀመሪያው መሆኑ ይቀራል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። እንግዲያው በጣም የተጎዳውን ሳይነኩ አስቀምጦ አምሳያውን ሠርቶ ማሳየት ይቻላል። ያም ሆነ ይህ ግን አንድ ነገር የግድ ነው፤ አሠራሩን የሚያውቀው ሰው እጅና ድምፅ አብሮ መቀመጥ አለበት። ይሄ ደግሞ የኢንጂነሮች ብቻ ሥራ አይደለም፣ የኛም የጋዜጠኞች ነው።

ጥፋቴን ልናገር። የዚያን ቀን ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሳቸውን አልቀዳኋቸውም። ዘንድሮ ስመለስ ጡረታ ወጥተዋል። እንጨቱ አለ። 5ን በ7 ላባዛ ብዬ 1ን ከ5 ጋር ሳገጣጥም 7 ከእንጨቱ አልፎ ወጣ፤ መልሱን የማነብበት ቁጥር የለም። መላው የተንሸራታቹን ሌላኛ ጫፍ መጠቀም እንደሆነ ኋላ ከመጽሐፍ አገኘሁት። ግራ የተጋባ ተማሪ ፊት እሳቸው ይህን እንዴት ያሳዩት እንደነበር ግን መጽሐፉ አይነግረኝም።

እና ምን እናድርግ? ዲፓርትመንታችን በየሴሚስተሩ ለኢንተርቪው ልምምድ ይልከናል። ከልምምዶቹ አንዱ ለምን ይሄ አይሆንም? ዕቃ ከመወገዱ በፊት ሁለት ተማሪ ይሂድ፣ ሲሠራበት የኖረውን ሰው ይቅዳ፣ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ብዙ ወጪ የለውም።

እኔ የጋሼን አድራሻ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ። እንጨቱንም ይዤ ለመሄድ ንብረት ክፍሉን እጠይቃለሁ። አብሮኝ የሚሄድ አለ?