የዓመቱን መጽሐፍ ማን ይምረጥልን?

ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም፤ ስለ ካርድ እድሳትም አልጽፍም። በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝን ይዣለሁ፣ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። የዛሬው ስለ መጽሐፍ ነው። ረዘም ይላል፤ ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው ሰኔ ላይ ከመጡ ሦስት ካርቶኖች ነው። ለስደተኛው የተሰጠ መጽሐፍ ነው ተባለና፣ አስተማሪ ስለሆንኩ ክፈትና ለይ ተብዬ ተጠራሁ። የላከውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ በቅን ልብ እንዳደረጉት አውቃለሁ። አንዱ ካርቶን የሕፃናት ነበር፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ በሁለት ቀን ጨረሱት። ሌሎቹ ሁለቱ ለአዋቂ የተባሉ ናቸው። ውስጡ ምን አለ? የሰው አገር የግብር ሕግ መማሪያ፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ፣ ሁለተኛው ቅጽ ብቻ ያለው የአካውንቲንግ መጽሐፍ፣ የገና ኬክ አሠራር ከነፎቶው። ሁሉም በእንግሊዝኛ።

ስንለይ አንዲት እናት መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፣ አማርኛ አቀላጥፈው ያነባሉ፣ እንግሊዝኛም ፊደሉን ይለያሉ። «ለልጆቹ አገኛችሁ፤ ለእኔስ?» አሉ። አፍሬ የኬኩን ሰጠኋቸው፣ ፎቶውን እንኳ ይዩ ብዬ። በማግሥቱ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ኦቭን ይፈልጋል፤ እኛ ከሰል ነው ያለን» አሉኝ። ስቀን ተለያየን። «ለእኔስ?» ያሉት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እነዚያን ካርቶኖች የሞላው ሰው መጽሐፍ አልመረጠም። መደርደሪያ ነው ያጸዳው። ስደተኛ ደግሞ የተሰጠውን ተቀብሎ ያመሰግናል፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ስንዴውንም ዘይቱንም ሌላ ሰው መዝኖ ይሰጠናል፣ ግድ ነው። የምናነበውንም ሌላ ሰው ከቤቱ የተረፈውን እያየ እንዲወስንልን ግን ምን አስገደደን?

በአሜሪካ አንድ ልማድ አለ። የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 1944 ጀምሮ በየዓመቱ ለአዋቂ አንባቢ የሚሆኑ ምርጥ መጻሕፍትን ዝርዝር ያወጣል። መራጮቹ 12 የሚሆኑ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሥራቸው ሰው መጥቶ «ምን ላንብብ?» ሲላቸው መልስ መስጠት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ መጨረሻ ላይ ልብ ወለድ፣ እውነተኛ ታሪክና ግጥም ቀላቅለው ወደ 26 ገደማ መጻሕፍት ያሳውቃሉ። የገንዘብ ሽልማት የለውም። ዝርዝር ብቻ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከመራጮቹ ነው፤ እነሱ መጽሐፉን አይጽፉትም፣ አይሸጡትም፣ ያውሱታል። የሚያውስ ሰው ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ሳይነበብ እንደተመለሰ ያያል።

በእኛ አገር ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ዝርዝር ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። በአገራችን የታተመ መጽሐፍ ቅጂ በሕግ ወደዚያ ይገባል። ትልቅ ነገር ነው። ሁሉን ሰብስቦ ማስቀመጥ ግን አንድ ሥራ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ይህን አንብቡ ማለት ሌላ ሥራ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሲሠሩልን የኖሩት ሌሎች ናቸው። በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበር፤ ከበደ ሚካኤል ተሸልመውበታል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳለ ተሸልሞበታል። ምርጫው መጥፎ አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ ድርጅቱም አብሮ ሄደ። በቅርቡ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሆሄ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተጀመረ፤ ለጸሐፊዎቻችን ደስ ብሎኛል። ግን ሽልማት ለጸሐፊው ነው። እኔ የምፈልገው ለአንባቢው የሚሆን ነገር ነው።

መንግሥት ሲመርጥልን ምን እንደሚሆንማ ኦሮማይን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። የበዓሉ ግርማን መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳተመው፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉን ግን ሰው በድብቅ እያዋሰ አቆየው። በ2017 ዓ.ም. ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ፤ ፈረንጆቹ አዲስ መጽሐፍ ብለው አነበቡት። እኛ ጋ ግን አንድ ቅጂ ነው ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ። (ስለ እሱ ቅጂ መጨረሻ ላይ የምለው አለኝ።)

አሁን ወደ ራሳችን መንደር ልምጣ። ኸሽም ኤል ቂርባ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ግድቡን፣ አሳውንና ሙቀቱን ነው። ከዚህች ከተማ አንድ ታላቅ ጸሐፊ እንደወጣ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አብደልአዚዝ በረካ ሳኪን ይባላል። ከሰላ ተወልዶ እዚህ ኸሽም ኤል ቂርባ ነው ያደገው፤ እንደ እኔው አስተማሪም ነበር። «አልጀንጎ፣ የምድር ሚስማሮች» የሚለው ልብ ወለዱ ስለ ገዳሪፍ ወሰን ነው፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከየቦታው ስለሚጎርፉት የቀን ሠራተኞች። ውስጡ ሱዳኑ አለ፣ ሐበሻው አለ፣ ከእኛ አገር መጥተው ጠላና ቡና እየሸጡ የሚኖሩ ሴቶች አሉ። በአጭሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 ኦምዱርማን ላይ በጣይብ ሷሊህ ስም የሚሰጠውን የልብ ወለድ ሽልማት አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አገደው። አንዱ ወገን የዓመቱ ምርጥ አለው፣ ሌላው ወገን ሕዝብ እንዳያየው አለ። የወሰኑ ሰውስ ምን አለ? ማንም አልጠየቀውም።

እኛ ጋ ይህ መጽሐፍ የደረሰው ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ነው። ከካርቱም ተፈናቅለው ወደ ገዳሪፍና ወደዚህ ከመጡት መካከል አንድ ሱዳናዊ መምህር በሻንጣው ይዞት መጣ። ዐረብኛ የሚያነቡት ልጆቻችን ናቸው፤ እነሱ ለእናቶቻቸው እየተረጎሙ ያንብቡ አልን። አሥረኛው ገጽ አካባቢ ስንደርስ ልጁ ቀይ ሆኖ ዝም አለ። ለካ ልጅ ለእናቱ ሊተረጉመው የማይችል ነገር ሞልቶበታል! ከዚያ በኋላ ልጆቹን አሰናብተን መምህሩ ራሱ በተሰባበረ አማርኛ ቀጠለ። እናቶቻችን እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። አንዷ «እቺንማ ሴትዮ አውቃታለሁ፣ መተማ መንገድ ላይ ነበረች» እያለች ስንት ሌሊት ተከራከረች። ለአዋቂ የሚሆን መጽሐፍ ስል እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላም አለ። ሱሌይማን አዶንያ ኤርትራ ተወልዶ ልጅነቱን በሱዳን የስደተኛ ካምፕ ያሳለፈ ጸሐፊ ነው፤ ዛሬ አውሮፓ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ልብ ወለድ አርእስቱ በአማርኛ «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሱዳን ውስጥ ባለ የስደተኛ ካምፕ ነው፤ መማር የምትፈልግ ሳባ የምትባል ልጅና መናገር የማይችል ወንድሟ አሉበት። ስለ እኛ ዓይነት ጎጆ፣ ስለ እኛ ዓይነት የውሃ ወረፋ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ለንደን ያለ ሰው ባቡር ላይ ያነበዋል። እዚህ ወረፋው ላይ የቆመ ሰው ግን አልደረሰውም። የደረሰን የግብር ሕጉ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። የራሳችንን ዝርዝር እናውጣ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአዋቂ፣ የሚያውሱ ሰዎች ይምረጡት።

የሚያውስ ሰው አለን ወይ? አለን። ራኩባ ሥር ሻይ የምትሸጠው እህታችን ከጀበናው ኋላ በቆርቆሮ ሳጥን ወደ አርባ መጽሐፍ አላት። ደብተር ይዛለች፤ ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ። ያንን ደብተር ሳየው ከዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት የበለጠ ስለ አንባቢ አስተማረኝ። እኔ ድንቅ ነው የምለው አንድ መጽሐፍ አምስት ጊዜ ወጥቶ አምስቱንም በማግሥቱ ተመልሷል። ሰው አላነበበውም። የተናቀ የፖሊስ ታሪክ ደግሞ አንዱ ከሌላው እጅ እየተቀበለው ሁለት ወር ሳጥን አላየም። (ያልተመለሰ ሁሉ ተወዷል ማለት አይደለም፤ አንዱን የለውዝ መጠቅለያ ሆኖ ሱቅ አግኝተነዋል።) ፀጉር አስተካካዩ ወንድማችንም መስታወቱ ሥር የሚያውሳቸው አሉት። ሱዳናዊው መምህር የዐረብኛውን ይዟል። የትግርኛውን የያዙ አንድ ጋሼም አሉ፤ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አልጽፍም። እነዚህ አራቱ ይምረጡ። እኔ ጸሐፊ እሆናለሁ፣ ድምፅ ግን አይኖረኝም። አስተማሪ ሰውን ይጠቅማል የሚለውን ይመርጣል፣ ሰው የሚወደውን አይደለም። ራሴን ስለማውቅ ነው።

የአማርኛ ብቻ ይሁን የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። አንድ ራኩባ ሥር ሦስት ቋንቋ እየተነገረ ዝርዝሩን በቋንቋ ብንከፍለው፣ ከቤታችን ያስወጣንን ነገር እዚህም ማምጣት ነው። «የዓመቱ» ሲባልም ዘንድሮ የታተመ ማለት አይደለም። አዲስ መጽሐፍ አዲስ አበባ በወጣ በስንት ዓመቱ እዚህ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ለእኛ የዓመቱ መጽሐፍ በዓመቱ እጃችን የገባው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብርም ዘንድሮ ከደረሰ የዘንድሮ ነው።

ማንበብ የማይችሉትስ? ፍቅር እስከ መቃብርን ስንቱ ኢትዮጵያዊ በዓይኑ አነበበው? ብዙው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማው፤ አያቴ አንድ ፊደል ሳይለዩ ስለ ሰብለ ወንጌል ያለቅሱ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲወጣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያምረው ተለይቶ ምልክት ይደረግበት።

አሁን ወደ ዘመዶቻችን። የአክስቴ ልጅ ይህን ሐሳብ ስነግረው «ወንድሜ፣ ራሽን ተቀንሶ መጽሐፍ ታወራለህ?» ብሎ ጻፈልኝ። ክፉ አላሰበም፤ ለእኛ አስቦ ነው። ግን ና እዚህ አምሽ። ከመሸ በኋላ አዋቂ ሰው ምን ያደርጋል? ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ካምፑ ሊነሳ ነው የሚል የድምፅ መልእክት ይመጣል፣ ሌሊቱን እቃ የሚያስር አለ። ማለዳ ውሸት ሆኖ ይገኛል። በሳምንቱ ሌላ ይመጣል። አልጀንጎ በተነበበባቸው ሌሊቶች ያ ወሬ እኛ ራኩባ አልገባም። ረሃቡማ ያው ነበር፣ አልዋሽም።

ስለዚህ ጎንደርም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ ካናዳም ሆናችሁ ጀርመን፣ ካርቶን አትላኩ። አንድ መጽሐፍ ላኩ፤ እሱንም ጠይቃችሁ። ዝርዝሩ ሲወጣ እዚሁ ፔጅ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የቱን ማን እንደሚልክ በኮሜንት ተነጋገሩ፣ አንድ ዓይነት አምስት ቅጂ እንዳይመጣ። በቴሌግራም ፎቶ እያነሳችሁ የምትልኩልንን አነባለሁ፣ አልክድም፤ ጸሐፊው ግን ከዚያ አንድ ብር አያገኝም፣ እሱም የሚያኖራቸው ልጆች አሉት። የአዶንያን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የሚልክልኝ አውሮፓ ያለ ሰው ካለ፣ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለማንበብ ቃል እገባለሁ።

ምርጫው የሚሆነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አይሆንም፤ አሁን መንገዱ ዋልካ ነው፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ግማሻችን ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነን። እስከዚያ ያነበባችሁትን ለሻይዋ እህታችን ንገሯት፣ ትጽፈዋለች። ያልወደዳችሁትንም ንገሯት። እኚያ እናት ቀድመው አስመዝግበዋል፤ ምን እንዳሉ ግን አልናገርም።

እና አንተ ኦሮማይን ሐምሌ ላይ የወሰድከው ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሦስት ሰው ተራ እየጠበቀ ነው። ፕላስተሩ ከለቀቀም እንዳለ አምጣው፣ እዚህ እንጠግነዋለን።