ብሕትውና ከሰው መሸሽ ነውን?

ባሕታዊ ለራሱ ነፍስ ብቻ ያደረ ሰው ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን ከመፍረድ በፊት የመነኮሳትን አባት የቅዱስ እንጦንስን ኑሮ መመርመር ይገባል እንላለን።

ይህ ግብፃዊ በ20 ዓመቱ ገደማ አባትና እናቱ ሲሞቱበት፥ ሰፊ ርስትና አንዲት ታናሽ እኅት ቀሩለት። ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ርስቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ገንዘቡንም ለድኆች አካፈለ። እኅቱን ግን ለታመኑ ደናግል አደራ ሳይሰጥ አልመነነም። ኋላም በአንድ ባዶ ምሽግ በሩን ዘግቶ 20 ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ311 ዓ.ም. መክሲሚኖስ ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ፥ ወደ እስክንድርያ ወርዶ የታሰሩትን አጽናና። በእጁ ሠርቶ ካገኘውም ለችግረኞች ይሰጥ፥ በበረሃ ለሚጐበኙት እንግዶችም አትክልት ይተክል እንደ ነበረ ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል።

እንግዲህ ዝምታው ፍቅርን አላጠፋበትም፤ አሰፋለት እንጂ። እኛም በየቤታችን ከቀኑ ጥቂት ጊዜ ለጸሎትና ለጽሞና ብንለይ መልካም ነው። ነገር ግን አባት በጸሎት አሳብቦ የልጁን ልቅሶ ቸል ቢል፥ ልጅም እመንናለሁ ብሎ ጧሪ የሌላትን እናቱን ጥሎ ቢሄድ፥ የእንጦንስን መንገድ ተከተለ ልንል አንችልም። ለብቻው ቈይቶ የወጣ ሰው ለቤተ ሰቡ ከቀድሞው ይልቅ የሚራራ ሲሆን ግን፥ ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ነበረ እናውቃለን።