ኪሳችን ውስጥ ያለችው እስክንድርያ

ያለፈው ጥምቀት ጃንሜዳ አላገኘኝም። ለሥራ ካይሮ ነበርኩ። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ባዶ ቀን ተረፈኝና ከራምሴስ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዤ እስክንድርያ ገባሁ። ሜዲትራኒያን ሲባል በሐሳቤ የነበረው ፀሐይና አሸዋ ነው። የተቀበለኝ ግን ዝናብ፣ ነፋስና ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ ሆነ።

ሆቴሉ መቀበያ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፓስፖርቴን ገልጣ አየችና ፈገግ ብላ «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ግራ ገባኝ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ፤ የኮፕቶች ካላንደር ነው። ወሩ ጦቢ፣ ቀኑ 11። እኔም የኢትዮጵያ ካላንደር አፔን ከፈትኩ፤ ጥር 11። ሁለት ስልክ፣ ሁለት አገር፣ አንድ ጥምቀት። እነሱ በዓሉን «ጊጣስ» ይሉታል። ቤታቸው በዚያ ቀን ሸንኮራ አገዳና ቆልቃስ የሚሉት ሥራሥር ይበላል። ፎቶውን ስታሳየኝ ሳቄ መጣ። የኛው ጎደሬ ነው! ያ ያረጠበኝ ዝናብም ስም አለው። እስክንድርያውያን የክረምቱን የባሕር ማዕበሎች በየስማቸው ነው የሚያውቋቸው፤ አንዱ የሚጠራው በዚሁ በጥምቀት ስም ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የጉዞ ማስታወሻ ልጽፍላችሁ አይደለም። አንድ የምከራከርበት ነገር አለኝ፦ እስክንድርያ ለእኛ የባዕድ ከተማ አይደለችም። ሁላችንም በየኪሳችን ይዘናት እንዞራለን፣ ግን አናውቃትም።

ቲክቶክ ላይ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የምትዞር ቪዲዮ ታውቃላችሁ አይደል? ፈረንጁ አዲስ አበባ ኤርፖርት ቆሞ «ሰባት ዓመት ወደኋላ ተመለስኩ» ይላል። እኛም ላይክ አድርገን እንስቃለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ኋላ ቀርተናል» ብለን ኮሜንት እንጽፋለን። ነገሩ ግን ኋላ መቅረት አይደለም። አሥራ ሁለቱ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት፣ ይህ አቆጣጠር የግብፅ፣ በኋላም የእስክንድርያ አቆጣጠር ነው። ክርስቶስ መቼ ተወለደ የሚለውንም በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ አሰላው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሮም ውስጥ ሌላ መነኩሴ፣ ዲዮናስዮስ፣ በሌላ ስሌት ሌላ ዓመት አገኘ። አውሮፓ የሮሙን ተከተለ፤ እኛ የእስክንድርያውን ይዘን ቀረን። ባሕረ ሐሳብን የደረሰው ድሜጥሮስም በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። እስክንድርያ ደግሞ በዘመኗ የሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ በሚቀጥለው መስከረም ያ ቪዲዮ ሲመጣ ኮሜንታችሁን አስተካክሉ።

ግብፃውያኑ ክርስቲያኖች ዓመቱን የሚቆጥሩት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ ዘመነ ሰማዕታት ይሉታል። ከኛ ዓመት ላይ 276 ቀንሱ፣ የእነሱን ታገኛላችሁ። ታዲያ የዚያን ነገር ዱካ ከተማዋ ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። «የፖምፔ ዓምድ» የሚባለው ወደ 27 ሜትር የሚጠጋ ሐውልት ከፖምፔ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ስሙ የተሰጠው በስህተት ነው። በ300 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የቆመው ለራሱ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ዋናው ግንድ ከአስዋን የመጣ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ሥሩ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። የአሳዳጁ ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የተሳደዱት ግን ሐውልት ባይኖራቸውም ዓመቱ በስማቸው ይቆጠራል። ማን አሸነፈ?

እስክንድርያን ለማየት ስትሄዱ ዩቲዩብ ላይ ያለውን «ሊያመልጧችሁ የማይገቡ 10 ቦታዎች» የሚል ዝርዝር ብቻ ከተከተላችሁ ግን ታዝናላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የከተማዋ ታዋቂ ነገሮች የሉም። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ የመርከብ መብራት ማማ የለም። ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት የለም። ከተማዋን በ331 ዓመተ ዓለም የቆረቆራት የታላቁ እስክንድር መቃብርም የት እንዳለ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጊዛ ሄዶ ከፒራሚድ ጋር ሴልፊ እንደመነሳት ቀላል አይደለም። እዚህ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የቃይትባይ ምሽግን እንውሰድ። ባሕሩ ጫፍ ላይ የቆመ፣ በ1477 (እ.ኤ.አ.) በማምሉኩ ሱልጣን መሠራት የጀመረ ያማረ ግንብ ነው። ብዙው ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ግን የቆማችሁበት ቦታ የፋሮስ ማማ የነበረበት ነው። ማማውን በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን የምድር መንቀጥቀጥ ጣለው፤ ሱልጣኑ ከፍርስራሹ ድንጋይ እያነሳ ምሽጉን ሠራበት። የቀረው ባሕር ውስጥ ነው። ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ትልልቅ ድንጋዮችና ሐውልቶች እዚያው ውሃው ሥር አግኝተዋል። አሁን ደግሞ ባሕሩ ራሱ ምሽጉን እየገፋ ነው፤ ማዕበሉን ለመስበር ዙሪያውን የኮንክሪት ብሎኮች ተደርድረዋል። ከፍ እያለ በሚሄደው ባሕር በጣም ከሚያሰጉት የዓለም ከተሞች አንዷ ናትና ማየት የፈለገ ባይዘገይ ጥሩ ነው።

ኮም ኤል ሾቃፋ የሚባለውን የመሬት ሥር መቃብር ግን በምንም ዓይነት አትለፉት። ደረጃው እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወስዳችኋል። ውስጡ የግብፅ፣ የግሪክና የሮም እምነት ተደባልቆ ተቀርጿል። ከሁሉ የገረመኝ አኑቢስ ነው። ያ የውሻ ራስ ያለው የጥንት ግብፅ አምላክ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ ቆሟል! ባህል መቼም ቢሆን ንጹሕና ያልተቀላቀለ ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው ያንን ግድግዳ ማሳየት ይበቃል።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት እንደ ፀሐይ ክብ ሆኖ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ሕንፃ ነው። የውጭ ግድግዳው ላይ ከ120 የጽሕፈት ዓይነቶች የተወሰዱ ፊደላት ተቀርጸዋል። ፊት ለፊቱ ቆሞ የራስን ፊደል መፈለግ ጥሩ ጨዋታ ነው። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ እስክንድርያ ውስጥ የኖረውን ኤራቶስቴነስን አስታውሱት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የፀሐይን ጥላ ብቻ ለክቶ የምድርን ዙሪያ ያሰላ ሰው ነው። ሳተላይት የለው፣ ጂፒኤስ የለው። እኛ ደግሞ ማፕ ካልከፈትን ቦሌን መሻገር አቅቶናል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በአራተኛው መቶ ዘመን ጵጵስና የተቀበለው ከእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ሲመጣልን ኖረ። ነገሩ ሁሌ ደስ የሚል አልነበረም፤ የሚመጣው ግብፃዊ ነው፣ ቋንቋችንን አያውቅም። ሲሞትም ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ይጠበቃል። የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ደግሞ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደርሶ የድንጋይ ዙፋኑን ጽሑፍ ገልብጦ ባያስቀምጥልን ኖሮ ስለ አክሱም የምናውቀው ያንስ ነበር። ዙፋኑ ጠፍቷል፤ የቀረን የእሱ ግልባጭ ነው።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ግብፅ? ለምን?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለታችንም አገሮች ስለ አንዳችን የምንሰማው ስለ ዓባይ ክርክር በሚያወሩ ዜናዎች ብቻ ሆኗል። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ከምሽጉ የመለሰኝ ባለታክሲ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ሐበሻ» ስለው ወዲያው «ሰድ!» አለ፤ ግድቡ ማለቱ ነው። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ውሃው እንዳይቀርብን ነው የምንፈራው» አለኝ። «እኛ ደግሞ መብራት ነው የቸገረን» አልኩት። ልጆች እንዳሉት ነገረኝ፤ እኔም የገጠር ዘመዶቼ ቤት ማታ ማታ በምን እንደሚበራ ነገርኩት። አልተስማማንም። ግን አልተሰዳደብንም። ስወርድ ሻይ ካልጋበዝኩህ አለ፤ ቆመን ጠጣን። ብርጭቆውን ይዤ ሳስበው፣ ሻዩ የተፈላበት ውሃ የዓባይ ውሃ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከሱ ነው፣ አብዛኛውም የሚነሳው ከኛ ተራሮች ነው። ይህን ዓይነት ወሬ የትኛውም የፌስቡክ ክርክር ውስጥ አግኝቼው አላውቅም።

ከተማዋን ገነት ላስመስላት አልፈልግም። ክላክሱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ያማሩ የድሮ ቤቶቿ ቀለማቸው ረግፎ ቆመዋል፤ ዋጋ አስቀድሞ ያልተስማማ ሰው ኪሱ ይራቆታል። ግን ሆድ አያስቸግርም። ፉል የኛው ፉል ነው። በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የእስክንድርያ ጉበት በዳቦ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ እየሄዱ መብላት ነው። አንፉሺ ሰፈር ከሄዳችሁ ዓሣውን ራሳችሁ መርጣችሁ በኪሎ አስመዝናችሁ ታስጠብሳላችሁ። እዚያው አካባቢ የእንጨት ጀልባ በእጅ ሲሠራ ማየት ይቻላል። ማታ ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ መራመድ በነፃ ነው፤ ሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ከሚያወሩት ቤተሰቦች መሀል ገብቶ ባሕሩን ማየትም እንደዚያው።

ለሥራም ይሁን ለሕክምና ካይሮ ያለፋችሁ፣ ሁለት ቀን ካላችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ለዓምዱና ለመሬት ሥሩ መቃብር፣ አንድ ቀን ለባሕሩ፣ ለምሽጉና ለቤተ መጻሕፍቱ ይበቃል። መሄድ የማትችሉም ቢሆን ሌላ መንገድ አለ። በሚቀጥለው ጥምቀት ታቦቱን አጅባችሁ ስልካችሁን ስታወጡ ስቶሪ ከመለጠፋችሁ በፊት ቀኑን አንዴ እዩት። ያ 11 የሚለው ቁጥር በዚያው ሰዓት አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ስልክ ላይም በርቷል፣ ከቤቷም ጎደሬ እየተቀቀለ ነው።