የልብ ምት መለኪያ ምርጫ፦ በክንድ ላይ ያለው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ጎህ ሲቀድ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ፣ በጎንደርና በደሴ አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሶምሶማ የሚሮጡና ፈጠን ብለው የሚራመዱ ነዋሪዎችን ማየት የተለመደ ሆኗል። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን ማስፋቱ፣ የማስ ስፖርት መርሐ ግብሮችም መዘውተራቸው ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ከዚሁ ጋር በስፖርተኞች ክንድ ላይ አንድ ዕቃ እየተለመደ መጥቷል፤ የልብ ምትን በቁጥር የሚያሳይ ሰዓት።

ዕቃው ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ሰዎች ግን ቁጥሩን አይተው ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዱም ልቡ ጤነኛ መሆኑን በዚያው ይደመድማል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ውሳኔውም ይሳሳታል። የዋጋው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ለደመወዝተኛው ከባድ ወጪ ነው፤ ሯጭ ለመሆን ለሚያልም ልጁ ሰዓት ሊገዛ በግ ለሚሸጥ አርሶ አደር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ የትኛው መለኪያ ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ከግዢ በፊት መልስ ይሻል።

የልብ ምት የሚለካው አንድ ልምምድ ለሰውነት ምን ያህል እንደከበደ ለማወቅ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ባረፈበት ጊዜ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ ረጅም ርቀት በሚሮጡ ሰዎች ዘንድ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ከፍተኛው የልብ ምት በተለምዶ የሚገመተው ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። በዚህ ስሌት የ40 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምቱ 180 ይሆናል። መካከለኛ ልምምድ የሚባለው ከከፍተኛው ከ50 እስከ 70 በመቶ ያለው ሲሆን፣ ለዚህ ሰው ከ90 እስከ 126 ምት ማለት ነው። ከባድ የሚባለው ደግሞ ከ70 እስከ 85 በመቶ፣ ማለትም ከ126 እስከ 153 ምት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይሁን እንጂ ስሌቱ አማካይ ግምት ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ከፍተኛ ምታቸው በ10 እና ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል።

በገበያ ላይ ያሉት መለኪያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ደረት ላይ የሚታሰር መቀነት ነው። ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምልክት በቆዳ በኩል ተቀብሎ ወደ ሰዓት ወይም ወደ ስልክ ይልካል። ይህ ስልት የተጀመረው በፊንላንድ ነው፤ በ1977 የተመሠረተው ፖላር የተባለው ኩባንያ በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራ መለኪያ ለገበያ አቅርቧል፤ ሁለቱም ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መቀነቱ በፈጣን ሩጫም ቢሆን ከሌላው ይልቅ ይታመናል። ጉድለቱ ምቾት አለመስጠቱ ሲሆን፣ ቆዳን የሚነካው ክፍል ከመታጠቁ በፊት በውኃ ካልረጠበ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተዛባ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛው በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ነው። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና የተመለሰውን ብርሃን ይለካል። ልብ ሲመታ በደም ሥር ውስጥ ያለው ደም ይጨምራል፤ ደም ደግሞ አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ሰዓቱ ይህን መጨመርና መቀነስ ቆጥሮ የልብ ምት ብሎ ያቀርባል። በዚሁ ስልት የሚሠራና ከክርን በላይ ወይም በታች የሚታሰር ቀበቶም አለ፤ ሥጋ በበዛበት ቦታ ስለሚቀመጥና እንደ አንጓ ስለማይወዛወዝ የተሻለ ንባብ ይሰጣል።

የእጅ ሰዓቱ ፈተናዎች ከአካባቢው አየርና ባህል ጋርም ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ብርድ ነው። ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በብርዳማ ማለዳ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ ሰዓቱ የሚያነበው ምልክት ይደክማል። ሰውነት እስኪሞቅ ድረስ የሚታየውን ቁጥር አለማመን ይበጃል። ሁለተኛው ንቅሳት ነው። በእጃቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚያግድ ሰዓቱን ንቅሳት በሌለበት ቦታ ማሰር ይገባል። ሦስተኛው የእርምጃ ጉዳይ ነው። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣል፤ ሰዓቱ ላላ ብሎ ከታሰረ ይህን ርግጫ የልብ ምት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በቀላል ሶምሶማ ላይ ሳለ 170 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ከመደንገጡ በፊት ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ሊያጠብቀው ይገባል።

የቆዳ ቀለም ጥያቄም ይነሣል፤ ጠይም ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን ይበልጥ ይውጣልና። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ53 ሰዎች ላይ ባወጡት ጥናት፣ በቆዳ ቀለም ምክንያት የጎላ የስሕተት ልዩነት አላገኙም። በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ስሕተቱ ከዕረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላውም ልዩነት ታይቷል። ዋናው ሥጋት እንግዲህ የሰዓቱ ጥራትና የክንዱ መወዛወዝ ነው።

በገበያው ውስጥ የታዋቂ ኩባንያ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ሰዓቶችም ይገኛሉ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እንዲሉ፣ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሊፈትነው ይችላል። ሌባ ጣትንና መሐል ጣትን ከአውራ ጣት ግርጌ ባለው የአንጓ ክፍል ላይ አሳርፎ ለ15 ሰከንድ ትርታውን መቁጠርና በ4 ማባዛት ነው። 18 ከተቆጠረ 72 ምት ይሆናል። ቀጥሎ ጥቂት ጊዜ ቁጭ ብድግ በማለት ልብን አፍጥኖ ዳግም መቁጠር ይገባል። የጣት ቆጠራው ሲጨምር የሰዓቱ ቁጥር ባለበት ከቆመ ወይም በእጅጉ ከራቀ ዕቃውን መተው ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከገዢው ስልክ ጋር መገናኘቱ፣ የመቀነቱ ባትሪ በአካባቢው መገኘቱና ዋስትና መኖሩም አብረው ይጠየቃሉ።

ምርጫው በዓላማ ይወሰናል። ለጤናው ሲል ለሚራመድና ሶምሶማ ለሚሮጥ የከተማ ነዋሪ መካከለኛ ዋጋ ያለው የእጅ ሰዓት ይበቃዋል። ፈጣን ሩጫንና ዕረፍትን እያፈራረቀ ለሚሠለጥን አትሌት የደረት መቀነት ይሻለዋል፤ በቅጽበት የሚወጣና የሚወርድ ምትን የእጅ ሰዓት ዘግይቶ ያሳያልና። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያጭድና ሲሸከም የሚውል አርሶ አደር ግን እንቅስቃሴ ስላላነሰው መለኪያው አያስፈልገውም። በገጠር ሩጫ ለጀመረ ልጅም ጥሩ ጫማ፣ በቂ ምግብና የሚከታተል አሠልጣኝ ከሰዓት ይቀድማሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ እንዲህ ያለ መለኪያ ገና አልተሠራም ነበር።

ዕቃው የሌለው ሰውም ልምምዱን መለካት አያቅተውም። እየተራመደ ማውራት የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው በመካከለኛ ልምምድ ላይ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በላይ ለመናገር ትንፋሹ ካጠረው ልምምዱ ከባድ ሆኗል። ጠዋት ከመኝታ ሳይነሡ ትርታን መቁጠርም ይጠቅማል። ልምምድ በጀመረ ሰው ላይ ይህ ቁጥር በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ልብ እየጠነከረ ነው ማለት ነው፤ ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ከፍ ሲል ደግሞ ድካም ወይም ሕመም ሊሆን ስለሚችል ማረፍ ይገባል። ከመተማ ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን የሄደ ሰው በተለመደ ፍጥነቱ ሲሮጥ ልቡ ከወትሮው በላይ ቢመታ ኦክስጅን በማነሱ ነውና፣ ሰውነቱ እስኪለምድ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።

ምንም ያህል ውድ ቢሆን ግን መለኪያ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ቤታ ብሎከር የተባሉትን የደም ግፊት መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ልባቸው በመድኃኒቱ ምክንያት ስለሚዘገይ፣ በዕድሜ የሚሰላው ቁጥር ለእነርሱ አያገለግልም። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታም በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል፤ የዚህን በሽታ መኖር ሰዓቱ አይናገርም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሊመረመር ይገባል። በልምምድ ላይ ደረቱን የወጋው፣ ራሱን ያዞረው ወይም ልቡ ያለ ሥርዓት የመታበት ሰው ደግሞ ሰዓቱ ምንም ቁጥር ያሳይ ወዲያውኑ ማቆምና በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።